ተማሪዎች በራሳቸው ስልክና ላፕቶፕ በክፍል ውስጥ ሲማሩ

በራስ መሣሪያ መማር፣ ትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ገዝቶ በማደል ፋንታ፣ ተማሪው ከቤቱ ይዞ የሚመጣውን ስማርት ስልክ፣ ታብሌት ወይም ላፕቶፕ መምህሩ በፈቀደው ሰዓት ለትምህርት የሚጠቀምበት አሠራር ነው። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ርካሽ ነው ተብሎ ነው። ወጪው ግን አይጠፋም፤ ከፊሉ ወደ ወላጅ፣ ከፊሉ ወደ ኔትወርኩና ወደ ኤሌክትሪኩ፣ የቀረው ወደ መምህሩ የዝግጅት ሰዓት ይዛወራል።

መንግሥታት በጉዳዩ ላይ ያላቸው አቋም ሲለዋወጥ ቆይቷል። በኒው ዮርክ ከተማ ስልክ ወደ ትምህርት ቤት ማስገባት በተከለከለበት ዘመን ተማሪዎች ደጅ ለቆሙ መኪኖች በቀን 1 ዶላር እየከፈሉ ስልካቸውን ያስጠብቁ ነበር። ክልከላው በማርች 2015 እ.ኤ.አ. ተነሣ። ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ የኒው ዮርክ ግዛት ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደወል የሚጸና ክልከላ አወጣ። ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚያድለው መሣሪያ አልተከለከለም፤ ለሕክምናና ለቋንቋ ትርጉም የሚያስፈልግ ስልክም በልዩ ሁኔታ ይፈቀዳል። እንግሊዝኛ ገና ለሚለምድ አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፈረንሳይም በ2018 እ.ኤ.አ. እስከ መካከለኛ ደረጃ ድረስ ስልክን በሕግ ከልክላለች።

በኢትዮጵያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ስልክን ከበር ይመልሳሉ። አንዱ ምክንያት የፈተና ስጋት ነው፤ በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተሰርዟል፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪዎች ያለ ስልክ ዩኒቨርሲቲ ገብተው መፈተን ጀምረዋል። ከበር ውጭ ግን የመማሪያ መጽሐፍ ፒዲኤፍና ወርክሺት የሚዘዋወረው በቴሌግራም ነው። ስልኩ አስቀድሞ የትምህርት ዕቃ ሆኗል።

አሠራሩን የሚጀምር ትምህርት ቤት በቅድሚያ የሚያስፈልገው ቆጠራ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ የስልኩ ዓይነት፣ የአንድሮይድ ቨርዥኑ፣ የቀረው ባዶ ቦታና ስልኩ የተማሪው ብቻ ነው ወይስ ከቤተሰብ ጋር የጋራ የሚለው ይጠየቃል። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ የእናቱን ስልክ የሚጠቀም ልጅ ሰኞ ይዞ መጥቶ ማክሰኞ ባዶ እጁን ሊመጣ ይችላል። ትምህርቱ የሚዘጋጀው በክፍሉ ውስጥ ላለው ደካማ ስልክ ነው። አዲስ አፕ መጫን የማይጠይቅ፣ በአሳሽ (ብራውዘር) የሚከፈት፣ ከ2 ሜጋባይት የማይበልጥ ገጽ ይመረጣል። ስልክ ያለው ከክፍሉ ሲሶው ብቻ ከሆነ ለ3 ተማሪ አንድ ስልክ ይደለደላል፤ ስልኩን የሚይዘውም ባለቤቱ ብቻ እንዳይሆን በየጥያቄው ይቀያየራሉ። ከዚያም ካነሰ ፕሊከርስን የመሰለ አሠራር ይሻላል፦ ተማሪዎቹ የታተመ ካርድ ወደ መልሳቸው አዙረው ያነሣሉ፣ መምህሩ በአንድ ስልክ ካሜራ የሁሉንም መልስ ያነባል።

ኔትወርኩ ብዙ ሙከራ የሚሰናከልበት ቦታ ነው። 40 ሜጋባይት የሆነ መጽሐፍ 50 ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ሲያወርዱ 2 ጊጋባይት ይሆናል፤ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር (8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው) ምንም ሳይቋረጥ እንኳ 27 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። አንድ ክፍለ ጊዜ ደግሞ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። መፍትሔው ይዘቱን አስቀድሞ በግቢው ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ኮሊብሪ ወይም ኪዊክስ የተባለው ያለ ኢንተርኔት ትምህርት የሚያቀርብ ፕሮግራም የተጫነበት ላፕቶፕ ወይም ራስፕቤሪ ፓይ የተባለ አነስተኛ ኮምፒዩተር ከራውተር ጋር ሲያያዝ ተማሪዎቹ ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ካርድ ወጪ በዋይፋይ ብቻ ይከፍቱታል። የመምህሩን ስልክ ሆትስፖት ለ50 ልጅ ማጋራት አይሠራም፤ አብዛኛው ስልክ ከ10 ገደማ በላይ መሣሪያ አይቀበልም።

በፈረቃ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አንድ ልዩ ችግር ያጋጥማል። ጠዋት ሁሉም ይገናኛል፣ ከሰዓት የሚገቡት ግን ዋይፋዩን እያዩት አይገናኙም። አንዳንድ የቤት ራውተር ለ100 ያህል መሣሪያ ብቻ አድራሻ (መሣሪያው የሚገናኝበት የኔትወርክ ቁጥር) ይሰጣል፣ የሰጠውንም ለ24 ሰዓት ይዞ ያቆየዋል፤ የጠዋቶቹ ስልኮች ከግቢ ቢወጡም አድራሻው አልተለቀቀም። በራውተሩ ቅንብር ውስጥ የአድራሻ ቆይታውን ወደ 1 ሰዓት ማውረድ በቂ ነው። ሌላው የተለመደ ብልሽት «ግንኙነቱ ደኅንነቱ የተጠበቀ አይደለም» የሚል መልእክት ነው። በመጀመሪያ የሚታየው የስልኩ ቀን ነው፤ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሞልቶ ከሆነ ስልኩ ከ7 ወይም 8 ዓመት በፊት ያለ ስለሚመስለው የድረ ገጾቹን ማረጋገጫ አይቀበልም። የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ በዩኒኮድ፣ ማለትም በሁሉም መሣሪያ ላይ በሚሠራው የጋራ የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት፣ መዘጋጀት አለበት፤ በድሮዎቹ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ወርክሺት በተማሪው ስልክ ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታያል። ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ መላክ ለማንበብ ይረዳል፣ ለመፈለግና ለመቅዳት ግን አይረዳም።

ኤሌክትሪኩ በሒሳብ መታሰብ ያለበት ለደኅንነት ነው። 50 ስልክ በ10 ዋት 500 ዋት ነው፣ ችግር የለውም። 40 ላፕቶፕ በ65 ዋት 2,600 ዋት ይሆናል፤ 10 አምፔር የሚችል የሶኬት ማከፋፈያ በ220 ቮልት የሚሸከመው 2,200 ዋት ብቻ ስለሆነ ገመዱ ይግላል። ማከፋፈያን በማከፋፈያ ላይ መቀጠል በጥብቅ መከልከል አለበት። ቻርጅ ቤት ተሞልቶ መምጣቱ ደንብ ይሁን፣ ክፍል ውስጥ የሚሞላው ለተቸገረ ብቻ።

በክፍል ውስጥ ስልኩ በጠረጴዛው ጥግ ላይ ስክሪኑ ወደ ታች ተደፍቶ ይቀመጣል፤ ሥራው ሲታዘዝ ይነሣል፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ ይመለሳል። ጥያቄው በጥቁር ሰሌዳም ይጻፋል፤ መብራት ቢጠፋ ትምህርቱ ይቀጥላል፣ ስልክ የሌለው ልጅም ከጓደኛው ትከሻ ላይ ለማንበብ አይገደድም።

ወላጅ የሚፈርምበት ወረቀት ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ በግልጽ ይናገር። መምህር የተማሪን ስልክ ተቀብሎ ሊያስቀምጥ ይችላል፣ ፎቶና መልእክቱን ግን ከፍቶ ማየት የለበትም። የቤት ሥራ ለመላክ ከቴሌግራም ግሩፕ ይልቅ ቻናል ይመረጣል፤ በቻናል ተማሪዎቹ አንዱ የሌላውን ዝርዝር አያይም። ግሩፕ ግድ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ተማሪ በቴሌግራም ቅንብሩ ውስጥ ስልክ ቁጥሩን ማንም እንዳያየው አድርጎ መግባት አለበት፤ በተለይ ለሴት ተማሪዎች ይህ ከመጀመሪያው ቀን በፊት መሠራት ያለበት ነው።