«ያልፈረምክበት ውል ምን መብት ይሰጥሃል?» እና ሌሎች በሥራ ቦታ የሚነገሩ ስህተቶች

በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ስለ መብቱ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ከአለቃው ወይም ከሥራ ባልደረባው ነው። አለቃው የሚጠቅመውን ይነግረዋል፤ ባልደረባው ደግሞ በራሱ ላይ የደረሰውን እንደ ሕግ ይቆጥረዋል። ሕጉ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ ከዚህ በታች ያለው አይመለከታቸውም። የቤት ሠራተኞችም የሥራ ሁኔታቸው በደንብ ይወሰናል ተብሎ ከአዋጁ ውጭ ቀርተዋል፤ የሕጉ ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

«የተፈረመ ውል ከሌለ መብት የለም»

የሥራ ውል በቃልም ይመሠረታል። በጽሑፍ ያልተደረገ ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ ደሞዙን፣ የሥራ ቦታውንና የውሉን ዘመን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ይህን አለማድረጉ የአሠሪው ጥፋት ነው እንጂ ሠራተኛውን መብት አያሳጣውም።

ጭንቁ የሚመጣው «እዚህ አልሠራም» የተባለ ዕለት ነው። ስለዚህ ገና በሥራ ላይ እያሉ ማስረጃ መያዝ ይሻላል፦ ደሞዝ የገባበት የባንክ ስቴትመንት፣ የሁለቱም ገጽ የባጅ ፎቶ፣ የፈረቃ ሰሌዳ፣ ትዕዛዝ የተላለፈበት የቴሌግራም መልእክት፣ የተፈረመበት የዕቃ መረከቢያ። ባጁ የሚመለሰው በመጨረሻው ቀን ስለሆነ ፎቶውን ቀደም ብሎ ማንሳት ነው።

«በሙከራ ላይ ነህ፣ ገና ስድስት ወር ይቀርሃል»

የሙከራ ጊዜ ከመጀመሪያው የሥራ ቀን አንስቶ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ይህ አሥር ሳምንት ገደማ ነው። ብዙ ሰው ዛሬም «45 ቀን» የሚለው የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ትዝታ ሆኖበት ነው። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ለሥራው ብቁ ካልሆነ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊሰናበት ይችላል፣ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ደሞዙም ሆነ ትርፍ ሰዓቱ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ይከበርለታል። ያው አሠሪ ለያው ሥራ መልሶ ሲቀጥረው ደግሞ እንደገና ሙከራ የሚባል ነገር የለም።

«በየሦስት ወሩ የምትታደስ ኮንትራት ሠራተኛ ነህ፣ ቋሚ አይደለህም»

መነሻው ተቃራኒ ነው፦ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። የጊዜ ገደብ የሚፈቀደው ሕጉ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የወቅት ሥራ ወይም በሕመም የቀረን ሰው መተካት። ዓመቱን ሙሉ የማይቆም የማምረቻ መስመር ላይ ያለ ሰው ወረቀቱ በየሦስት ወሩ ስለታደሰ ጊዜያዊ አይሆንም።

«የወር ደሞዝተኛ ስለሆንክ ኦቨርታይም አይመለከትህም»

በወር ተከፈለ በቀን፣ ለውጥ የለውም። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት ሲያስፈልግ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም።

ወርሃዊ ደሞዝ 7,800 ብር ነው እንበል። በተለመደው የፔይሮል አሠራር 26 ቀን በ8 ሰዓት ተባዝቶ 208 ይሆናል፤ 7,800 ለ208 ሲካፈል የአንድ ሰዓት ደሞዝ 37.50 ብር ይመጣል። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ተባዝቶ 56.25 ብር ነው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ ማለትም 65.63 ብር። በሳምንቱ የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። እዚህ ላይ የሚምታታ ነገር አለ፦ በበዓል ቀን መደበኛ ፈረቃውን ብቻ የሠራ ሰው የሚታሰብለት እጥፍ ነው፤ 2.5 የሚሆነው ከፈረቃው ላለፈው ሰዓት ነው። የሰዓት መቆጣጠሪያው በአሠሪው እጅ ስለሆነ መግቢያና መውጫን በራስ ደብተር ላይ ከነቀኑ መጻፍ ይጠቅማል።

«ሱፐርቫይዘር ስለሆንክ የሥራ መሪ ነህ» የሚለው መልስም የተለመደ ነው። የሥራ መሪ በእርግጥ ከአዋጁ ውጭ ነው። ግን የሚለየው በማዕረጉ ስም ሳይሆን በሥልጣኑ ነው፦ የድርጅቱን የሥራ አመራር ፖሊሲ ያወጣል ወይም ያስፈጽማል? ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ያዛውራል፣ ያሰናብታል? ስም ጠርቶ ፈረቃ የሚያስፈርም የቡድን አስተባባሪ ከእነዚህ አንዱንም አያደርግም።

«ቤዚኩ ቢያንስ ምን አለበት፣ እጄ የሚገባው ያው ነው»

ሰው ሳያውቀው ከሁሉ የበለጠ የሚጎዳው በዚህ ነው። ያው ድርጅት ያንኑ 7,800 ብር 3,000 ደሞዝ (ቤዚክ) እና 4,800 ልዩ ልዩ አበል ብሎ ከፈለው እንበል። አንዳንዱን አበል ግብር ስለማይነካው ሠራተኛውም በመጀመሪያው ወር ደስ ይለዋል። ነገር ግን አበል በሕጉ «ደሞዝ» ውስጥ አይቆጠርም፤ ሌላው ሂሳብ ሁሉ ደግሞ በደሞዝ ላይ ነው የሚሠራው። የአንድ ሰዓት ደሞዝ ከ37.50 ወደ 14.42 ይወርዳል፤ 56.25 ብር የነበረው ትርፍ ሰዓት 21.63 ይሆናል። የሕመም ፈቃድ፣ የወሊድ ፈቃድ፣ የስንብት ክፍያና ጡረታ አብረው ይወርዳሉ።

ጡረታን ለብቻው እንየው። በግል ድርጅት ከሠራተኛው ደሞዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። በ7,800 ብር ላይ 546 እና 858፣ በድምሩ 1,404 ብር በወር ነው። በ3,000 ብር ላይ ድምሩ 540 ብቻ ነው። 18 በመቶው ሁሉ ከሠራተኛው ላይ ከተቆረጠ ስህተት ነው። ፔይስሊፕ ላይ «ተቆርጧል» መባሉም ገንዘቡ ለፈንዱ ገቢ ሆኗል ማለት አይደለም፤ የጡረታ መለያ ቁጥር ይዞ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ሄዶ መጠየቅ ነው። በየዓመቱ አንዴ ቢደረግ ከሥራ ሲወጡ ከመደንገጥ ያድናል።

«ያልወሰድከው ፈቃድ ይቃጠላል»

የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አገልግሎት አንድ ቀን ይጨመራል። ሊራዘም የሚችለው ቢበዛ ለሁለት ዓመት ነው። ውሉ ሲቋረጥ ያልተወሰደው በገንዘብ ይከፈላል፤ ዓመት ያልሞላውም የድርሻውን ያገኛል።

«ከታመምክ ደሞዝ ይቆማል»

የሐኪም ማስረጃ ካለ የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው። ይህ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው።

«ጣቱን የቆረጠው በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት ነው፣ ድርጅቱ አይጠየቅም»

በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ከዚህ የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ፣ አስቀድሞ በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ ሲጥስ ወይም ሰክሮ ሲገኝ ነው። ድካምና መዘናጋት ከእነዚህ ውስጥ የሉም። ድርጅቱ በመደበው ሰርቪስ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ የደረሰ አደጋም የሥራ አደጋ ነው። የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው። መሥራት ባልቻለበት ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ቀሪዎቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈለዋል።

እዚህ ላይ ነገር የሚበላሸው በመጀመሪያው ሰዓት ነው። ተጎጂው ወደ ክሊኒክ ሲወሰድ «ቤት ወድቆ ነው» ተብሎ ካርዱ ላይ ከተጻፈ በኋላ ማስተካከሉ ከባድ ነው። አብሮት የሚሄደው ባልደረባ ጉዳቱ የት፣ በየትኛው ማሽን፣ በስንት ሰዓት እንደደረሰ በትክክል ያስመዝግብ።

«የአንድ ወር ደሞዝ ሰጥተውሃል፣ አለቀ»

የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ የማስጠንቀቂያው ጊዜ አንድ ወር ነው። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ሦስት ወር። በቅነሳ የወጣ ሰው ከዚህ ሌላ የስንብት ክፍያና ካሳ አለው። አራት ዓመት የሠራ ከሆነ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለቀሪዎቹ ሦስት ዓመታት የ10 የ10 ቀን፣ ድምሩ የ60 ቀን ደሞዝ የስንብት ክፍያ ይሆናል። በላዩ ላይ የቅነሳ ካሳ 60 ቀን ሲጨመር 120 ቀን ነው። ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንስቶ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ደግሞ በነፃ የሚሰጥ ግዴታ ነው፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደሞዙን ይይዛል።

«ተነጋግረን እንጨርሳለን ብለውኛል፣ ትንሽ ልጠብቅ»

ያላግባብ ተሰናብቻለሁ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሰው ያለው ጊዜ ከስንብቱ ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ነው። መስከረም 10 የተሰናበተ ሰው ክሱን ከታኅሣሥ 10 በፊት ማስገባት አለበት። ለደሞዝና ለትርፍ ሰዓት፣ እንዲሁም ውል ሲቋረጥ ለሚከፈል ገንዘብ ጊዜው ስድስት ወር ነው። ብዙ ጥሩ ክስ የሚሞተው በፍሬ ነገሩ ሳይሆን በይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያው ጊዜ በማለፉ ነው፤ ሽማግሌ ተላከ፣ ሥራ አስኪያጁ መስክ ወጣ፣ ከበዓል በኋላ ተባለ፣ ቀኑ አለፈ። ለሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ ስለሌለ ክስ መክፈት በገንዘብ አያስፈራም።

የቃል ተስፋ ይርጋን አያቋርጥም። የሚያቋርጠው ለፍርድ ቤት ወይም አዋጁን ለሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ፣ አለዚያም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ወይም በከፊል መክፈሉ ነው። ስለዚህ «እንከፍልሃለን» ላለ ኃላፊ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል ጽፈው ቀን አድርገው ማኅተም ያሳርፉበት።