ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፦ የአባባሉ ትርጓሜ በፊዚክስ ዓይን

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን አባባል የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ አለ ለማለት ይከብዳል። ዕድር ሲቋቋም፣ ደቦ ሲጠራ፣ ተኳርፈው የከረሙ ወንድማማቾች በሽማግሌ ፊት ሲቀመጡ ይነገራል። ብዙ ከመነገሩ የተነሣ ግን ጆሯችን ለምዶት በውስጡ ያሉትን ቃላት አንድ በአንድ ማየት ትተናል። እኔን ወደ ቃላቱ የመለሰኝ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር አንዲት ተማሪ ያነሣችው ጥያቄ ነው። ስለ አራቱ መሠረታዊ የተፈጥሮ ኃይሎች አስረድቼ፣ ከአራቱም እጅግ ደካማው የስበት ኃይል መሆኑን ተናግሬ ሳበቃ እጇን አወጣችና፣ «መምህር፣ ደካማው እርሱ ከሆነ ምድርን በፀሐይ ዙሪያ፣ ጨረቃን በምድር ዙሪያ አስሮ የያዘው እንዴት እርሱ ሆነ?» አለችኝ። በዚያች ዕለት ሰሌዳው ላይ ቀመር ጽፌ መለስሁላት። መልሱ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ያንኑ መልስ እናቶቻችን በአራት ቃላት ሲናገሩት እንደኖሩ ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው።

ከቃላቱ እንጀምር። «ድር» በአማርኛ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሸረሪት ከገዛ አካሏ አውጥታ የምትዘረጋው ሲሆን ሁለተኛው ሸማኔ በሸማው ቁመት የሚዘረጋው፣ ማጉ በአግድም የሚያልፍበት የጥጥ ፈትል ነው። ቋንቋው ለሁለቱም አንድ ግስ ይጠቀማል፤ ሸረሪትም ድሯን ታደራለች፣ ሸማኔም ድሩን ያደራል። አባባሉን የሚሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ በዓይነ ልቡናው የሚሥለው የሸረሪቱን ነው፤ እኔ ግን ወደ ሸማኔው አደላለሁ። የሸረሪት ድር አብዛኛውን ጊዜ የአንዲት ሸረሪት ሥራ ነው፣ አበረ የሚባል ሌላ ወገን የለውም። የሸማኔው ድር ግን በመቶ የሚቆጠሩ ፈትሎች ጎን ለጎን የሚሰለፉበት፣ አንዱ ለብቻው ቢሳብ የሚበጠስ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ጋቢና ቡልኮ ሆኖ ሰውን ዕድሜ ልኩን የሚያለብስ ነው።

«ቢያብር» የሚለው ቃል «አበረ» ከሚለው ግስ የመጣ ሲሆን ሥሩ የግእዙ «ኀበረ» ነው፤ ማኅበርና ኅብረት የምንላቸውም ከዚሁ የወጡ ናቸው። «ያስር» ደግሞ በዛሬው ንግግር «ያስራል» የምንለው ነው። ረዳት ግሱ የቀረበት አጭሩ መልክ የጥንቱ አማርኛ አነጋገር ሲሆን፣ እዚህ ላይ ተጠብቆ የቆየው «ያብር» ከሚለው ጋር ቤት ስለሚመታ ነው። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን በአባባሉ ውስጥ የሌለው ነገር ነው። «ድር ቢጠነክር» አይልም፣ «ድር ቢወፍር»ም አይልም። ድሩ ያው ቀጭኑ ድር ሆኖ ይቀራል፤ የሚጠየቀው ማበሩ ብቻ ነው። የተማሪዬ ጥያቄ መልስ ያለውም እዚሁ ላይ ነው።

እናቴ በበጋ ቀትር በቤቱ ጥላ ስር ተቀምጣ ትፈትል ነበር። ጥጡን በመዳመጫ ዳምጣ ፍሬውን ታወጣለች፣ በደጋን ትነድፈዋለች፣ ከዚያ የተነደፈውን ባዘቶ በግራ እጇ ይዛ በቀኟ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ታሽከረክረዋለች። እንዝርቱ እየሾረ ሲወርድ ከባዘቶው ጫፍ ጭስ የመሰለ ነገር እየተሳበ ይወጣና ዓይኔ እያየ ክር ይሆናል። አንድ ቀን ከዚያ ፈትል ክንድ የሚያህል ቆርጬ በጣቶቼ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ እያሾርሁ ፈታሁትና ቀስ ብዬ ሳብሁት። ያለ ምንም ድምፅ ለሁለት ተለያየ። የተበጠሰ ነገር አልነበረም፤ ሁለቱ ጫፎች ባዘቶ ሆነው በእጄ ቀሩ።

በዚያ ክር ውስጥ ያለችው አንዲት የጥጥ ፀጉር ርዝመቷ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ፈትሉ ግን ብዙ ክንድ ይሄዳል። ፀጉሮቹን ጫፍ ለጫፍ የሚያያይዝ ሙጫም ሆነ ቋጠሮ የለም። እንዝርቱ የሚሰጣቸው ሹረት እርስ በርስ እንዲጫጫኑ ያደርጋቸዋል፤ ክሩ ሲሳብ መጫጫኑ ይብሳል፣ መጫጫኑ ሲብስ በመካከላቸው ያለው ሰበቃ ይጨምራል፣ ስለዚህ ክሩ በተሳበ ቁጥር የበለጠ ይተሳሰራል። ሰበቃ ራሱ ደግሞ ከአራቱ መሠረታዊ ኃይሎች የሁለተኛው፣ የኤሌክትሮማግኔቲክ ኃይል ሥራ ነው። በአንዷ ፀጉር ገጽ ላይ ያሉት አተሞች በሌላዋ ገጽ ላይ ካሉት ጋር ሲቀራረቡ በኤሌክትሮኖቻቸው አማካይነት ይገፋፋሉ፣ ይያያዛሉም። የሸረሪቱም ድር ከዚህ አይርቅም። የሸረሪት ሐር ከክብደቱ አንጻር ሲመዘን ከብረት የሚበልጥ ጥንካሬ ያለው ሲሆን፣ የፕሮቲን ሰንሰለቶቹን ጎን ለጎን ያያያዘው የሃይድሮጅን ትስስር የሚባለው ነው። ይህ ትስስር ለብቻው ሲታይ እጅግ ደካማ ነው፤ በብዛትና በሥርዓት ሲደረደር ግን ሐሩን ብርቱ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ኃይሎቹ እንሂድ። ዘመናዊው ፊዚክስ በቁስ አካል መካከል የሚታየውን መሳሳብና መገፋፋት ሁሉ ወደ አራት ይጠቀልለዋል፤ እነርሱም ስበት፣ የኤሌክትሮማግኔቲክ ኃይል፣ ጠንካራው የኑክሌር ኃይልና ደካማው የኑክሌር ኃይል ናቸው። አራተኛው «ደካማ» ቢባልም ከስበት ጋር ሲወዳደር እጅግ ብርቱ ነው። ጠንካራውና ደካማው ከአተም እንብርት ስፋት ብዙም የማይርቁ በመሆናቸው በቀን ውሏችን በቀጥታ አናገኛቸውም። የምናውቃቸው ሁለቱ ናቸው፣ የሁለቱ መበላለጥም ለማመን ያስቸግራል። በአተም እንብርት ውስጥ ከሚገኙት ቅንጣቶች በሁለት ፕሮቶኖች መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ መገፋፋት በመካከላቸው ካለው ስበት ጋር ብናስተያይ፣ ኤሌክትሪኩ ስበቱን 1 ተጽፎ 36 ዜሮ በሚከተለው ቁጥር ያህል ይበልጠዋል። በደረቅ ወቅት የፕላስቲክ ማበጠሪያ ፀጉር ላይ አሽቶ ቁራጭ ወረቀት ያነሣ ልጅ ይህንን በእጁ አይቶታል። ከታች መላዋ ምድር ወረቀቷን ወደ ራሷ ትስባለች፣ ከላይ ደግሞ አንዲት ማበጠሪያ ትስባለች፣ የምታሸንፈውም ማበጠሪያዋ ናት።

ታዲያ ብርቱው አንበሳ፣ ኤሌክትሪኩ፣ የት ደረሰ? መልሱ ኤሌክትሪክ ሁለት ዓይነት ሙል (ቻርጅ) ያለው መሆኑ ነው፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ። ተመሳሳዮቹ ይገፋፋሉ፣ ተቃራኒዎቹ ይሳሳባሉ። በማንኛውም ድንጋይ፣ በማንኛውም ሰው ሰውነት ውስጥ የሁለቱ ብዛት እኩል ለእኩል ስለሆነ የአንዱ ሥራ በሌላው ይሻራል፤ ከሩቅ ሲታይ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ብርታቱ በራሱ ውስጥ ተከፋፍሎ ያልቃል። ስበት ግን አንድ ጠባይ ብቻ ነው ያለው፣ መሳብ። የሚገፋ ስበት፣ ስበትን የሚሽር ተቃራኒ ቁስ አልተገኘም። ስለዚህ እያንዳንዱ አተም የሚያዋጣት ኢምንት ስበት በሌላው ላይ እየተደመረች ትሄዳለች እንጂ አትቀነስም። በምድር ውስጥ ያሉት አተሞች 1 ተጽፎ 50 ዜሮ የሚከተለውን ያህል ናቸው፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይስባሉ። ከአራቱ ኃይሎች «ቢያብር» የሚለው ቃል በሙሉ ትርጉሙ የሚስማማው ለዚህ ለአንዱ ነው።

የአንዷ ድር ቅጥነት ምን ያህል እንደሆነ ለማየት እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሄንሪ ካቨንዲሽ እ.ኤ.አ. በ1798 ያደረገውን ሙከራ ማስታወስ ይበቃል። ካቨንዲሽ በሁለት ጫፎቹ ትናንሽ የእርሳስ ኳሶች ያሉበትን ዘንግ ከመካከሉ በቀጭን ሽቦ አንጠለጠለና እያንዳንዳቸው 158 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝኑ ሁለት ትላልቅ የእርሳስ ኳሶች አቀረበላቸው። የሰው ትንፋሽና ሙቀት አየሩን እንዳያናውጠው ክፍሉን ዘግቶ፣ ከውጭ ሆኖ በመነጽር ተመለከተ። ዘንጉ ጥቂት ዞረ፤ ትላልቆቹ ትናንሾቹን ስበዋል። በአንድ ትልቅና በአንድ ትንሽ ኳስ መካከል የተገኘው ስበት የአንዲት ፍሬ ጤፍ ክብደት አንድ አሥረኛ እንኳ የሚሞላ አይደለም። በጎጃም ማሳ ያደገ ሰው ጤፍን ስለሚያውቅ የዚህ ቁጥር ትርጉም ይገባዋል፤ ጤፍ ከእጅ ሲወድቅ እንኳ አይታወቅም። ካቨንዲሽ ግን ከዚያች ኢምንት መጠን ተነሥቶ ምድር መጠን ለመጠን ስትነጻጸር ከውሃ አምስት እጥፍ ተኩል ያህል የከበደች መሆኗን አሰላ፣ ዛሬ ካለው ልኬትም ብዙ አልራቀም።

ድሩ አንበሳውን የሚያስረው መቼ ነው የሚለውን ደግሞ በዓይን ማየት ይቻላል። ጮቄ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው በድንጋዩ ውስጥ ያሉት አተሞች በኤሌክትሪክ ትስስር ስለተያያዙና ስበት ሊጨፈልቃቸው ስላልቻለ ነው። እዚያ ላይ አንበሳው ገና አልታሰረም። ከማርስ ጨረቃዎች አንዷ የሆነችው ፎቦስም ወርዷ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ እንደ ድንች የተጣመመች ናት፤ ስበቷ ድንጋዩን ለማስገደድ አይበቃም። አካሉ እያደገ ወርዱ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ሲደርስ ግን ስበት ከድንጋይ ጥንካሬ በላይ ይሆናል፣ ያ አካልም ከየአቅጣጫው ወደ መካከሉ ተስቦ ክብ ይሆናል። ምድርና ጨረቃ ክብ የሆኑት፣ በምድርም ላይ ተራራ ያለ ልክ ማደግ የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከጮቄ የሚወርደው ውሃ ሁሉ መጨረሻው ዓባይ ነው፣ ውሃውን የሚያወርደውም ይኸው ደካማ የተባለው ኃይል ነው። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚሄድ መንገደኛ መኪናው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ያንኑ ያህል ሽቅብ ሲወጣ የሚያየው ገደል በስበት የተጎተተ ውሃ ሲቆርጠው የኖረ ነው። በጢስ ዓባይ ፏፏቴ አንድ ሊትር ውሃ አርባ ሜትር ያህል ሲወድቅ የሚለቀው ኢነርጂ ያንኑ ውሃ ለማሞቅ ቢውል ሙቀቱን በአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ እንኳ አይጨምረውም። ይህን ያህል ትንሽ ነው። ሊትሩ ግን ሊትር እየተከተለው ወደ ተርባይን ሲገባ፣ ተርባይኑ ማግኔትን በሽቦ ጥቅል አጠገብ ያሽከረክራል፣ በሽቦውም ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይነሣል። ታስሮ የነበረው አንበሳ ለሰው የሚሠራው ስበት ሲጎትተው ነው። ኢነርጂው በመንገዱ ላይ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም፣ ከምንም አይፈጠርም።

ፀሐይም ከዚህ የተለየች አይደለችም። ስበት ሃይድሮጅኑን ወደ መካከሏ ጨምቆ ባያሞቀው ኖሮ ፕሮቶኖቹ በኤሌክትሪክ እየተገፋፉ ተራርቀው ይቀሩ ነበር። ሲጨመቁ ግን ይቀራረባሉ፣ ደካማው ኃይል አንዱን ፕሮቶን ወደ ኒውትሮን ይለውጠዋል፣ ጠንካራው ኃይል ደግሞ ያያይዛቸዋል። በዚህ ሂደት ፀሐይ በየሰከንዱ አራት ሚሊዮን ቶን ያህል ቁስ ወደ ኢነርጂ ትለውጣለች፤ አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ባሳየው መሠረት ቁስና ኢነርጂ የአንድ ነገር ሁለት መልኮች ናቸውና።

ይህ የአይንስታይን ግኝት አባባሉን ያላሰብሁት ቦታ አደረሰው። እስካሁን ድሩንና አንበሳውን ለያይቼ ነበር የተናገርሁት፣ አንዱ አሳሪ ሌላው ታሳሪ። ይሁንና አንበሳው ራሱ ከምን ተሠራ? ከፕሮቶንና ከኒውትሮን ነው፤ እነርሱም እያንዳንዳቸው ኳርክ በሚባሉ ሦስት ጥቃቅን ቅንጣቶች የቆሙ ናቸው። የሦስቱ ኳርኮች የራሳቸው ክብደት ቢደመር ከፕሮቶኑ ክብደት ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ይሆናል። የቀረው ዘጠና ዘጠኝ እጅ ኳርኮቹ በመታሰራቸው የሚገኝ ኢነርጂ ነው፣ የራሳቸው እንቅስቃሴና ግሉዎን የሚባሉት አሳሪዎች የተሸከሙት። 200 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንበሳ ቢኖር ሁለት ኪሎው ብቻ የኳርኮቹ ሲሆን ሌላው ሁሉ የማሰሪያው ነው።

ያ ማሰሪያ፣ ማለትም ጠንካራው ኃይል፣ ደግሞ የእናቴን ፈትል የሚያስታውስ ጠባይ አለው። ሌሎቹ ኃይሎች ርቀት ሲጨምር ይላላሉ፣ ይህ ግን ሁለት ኳርኮችን ለማለያየት በተጎተተ ጊዜ አይላላም፤ በመካከላቸው ያለው ውጥረት 150 ኩንታል ጤፍ የተንጠለጠለበትን ገመድ ያህል ሆኖ ይቆያል፣ ሁለት ፕሮቶን ጎን ለጎን ከሚይዙት በማይበልጥ ርቀት ውስጥ። ከዚያም በላይ ሲጎተት ይበጠሳል፣ ነገር ግን ነጻ የወጣ ኳርክ አይገኝም። ለመጎተት የወጣው ኢነርጂ እዚያው በተበጠሰው ቦታ ላይ አዲስ ኳርክና የእርሱን ተቃራኒ ይፈጥራል፣ ሁለቱ የተበጠሱ ጫፎችም በእነዚህ አዲሶች ወዲያውኑ እንደገና ይታሰራሉ።