የሙቀት ማዕበል ምንድን ነው? የገጠር አዛውንቶችንስ ለምን ይበረታባቸዋል?

«ዛሬማ ሙቀቱ አይጣል ነው» ማለት ሌላ፣ የሙቀት ማዕበል ሌላ። አንድ ቀን አቃጥሎ በማግስቱ ቀዝቀዝ ካለ ማዕበል አይባልም። ማዕበል የሚባለው ለቦታው ከተለመደው በጣም ያለፈ ሙቀት ለተከታታይ ቀናት ሲቆይ ነው። ለዓለም ሁሉ የሚሠራ አንድ ቁጥር የለውም። 35 ዲግሪ በረሃ ውስጥ ተራ ቀን ነው። ብርድ በለመደ አገር ግን ሰው ይገድላል፤ ሰውነቱም ቤቱም አልለመደውማ።

ሁላችንም የምናወራው ስለ ቀኑ ሙቀት ነው። እኔ ግን ሌሊቱን እዩ እላለሁ። ቀን ሲለፋ የዋለ ልብ የሚያርፈው ሌሊት ነው። ሌሊቱም ከሞቀ የዛሬው ድካም ሳይወጣ ለነገ ያድራል። የመጀመሪያውን ቀን በደህና ያለፈ ሰው ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቀን ላይ የሚወድቀው ለዚህ ነው።

ሰውነታችን ሙቀቱን 37 ዲግሪ ገደማ ለማቆየት ሁለት መላ አለው። ደምን ወደ ቆዳ ይልካል፤ ያልበዋል። ላብ የሚያቀዘቅዘን ደግሞ ሲተን ብቻ ነው። አየሩ እርጥበት ካዘለ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ወበቅ ከደረቅ ሙቀት የሚብሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዕድሜ ሲገፋ ሁለቱም መላዎች ይደክማሉ። ላቡ ይቀንሳል። ልብም ያን ሁሉ ደም ወደ ቆዳ ለመግፋት አቅም ያጥረዋል። ከሁሉ የከፋው ግን የጥማት ስሜት መደንዘዙ ነው። አዛውንቶች ሰውነታቸው ውሃ አጥሮት እያለ «አልጠማኝም» ይላሉ። አልዋሹም፣ በእውነት አልጠማቸውም። አንዳንዶቹ በዚያ ሙቀት ሹራብ ደርበው ይቀመጣሉ። መድኃኒትም አለበት፦ ለደም ግፊት የሚሰጡ ሽንት የሚያበዙ ክኒኖች ውሃ ያስወጣሉ፤ ሌሎች ደግሞ የልብ ምትን ወይም ላብን ይቀንሳሉ። (ይህን አንብቦ ክኒን ማቆም አይገባም። ሐኪም ይጠየቅ።)

«ገጠር እኮ ነፋሻ ነው፣ ችግሩ የከተማ ነው» የሚል አይጠፋም። ግማሽ እውነት አለው። ከተማ ውስጥ አስፋልትና ሲሚንቶ ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ስለሚተፉ ገጠር ቶሎ ይበርዳል። ነገር ግን ገጠር የራሱ ጣጣ አለው። ገበሬ ጡረታ አይወጣም፤ በ70 ዓመቱም ማሳ ላይ ነው፣ ከብትም «ዛሬ ሞቋል» ብሎ አያርፍም። የቆርቆሮ ጣሪያ ቤቱን ምድጃ ያደርገዋል። ልጆች ከተማ ገብተዋል። ጎረቤቱ ሩቅ ነው፣ ጤና ጣቢያው ከዚያም ይርቃል። በሙቀት ለተመታ ሰው ደግሞ እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት።

ሙቀት ድምፅ የለውም። ጎርፍ ድልድይ ይወስዳል፣ አውሎ ነፋስ ጣሪያ ይገነጥላል፤ ሁሉም ያየዋል። ሙቀት ግን ሰው ወስዶ «ልቡ ነው»፣ «እርጅና ነው» ያስብላል። ትክክለኛው ልክ የሚታወቀው ኋላ፣ ሟቾች ከሌላው ዓመት ጋር ሲነጻጸሩ ነው። ፈረንሳይ በነሐሴ 2003 (እ.ኤ.አ.) ወደ 15,000 የሚጠጋ ተጨማሪ ሞት የቆጠረችው እንዲህ ነው፤ አብዛኞቹ አዛውንቶች ነበሩ። በሰኔ 2021 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሊተን የምትባል ትንሽ መንደር 49.6 ዲግሪ ደረሰች። በዚያ ማዕበል በግዛቲቱ 619 ሰዎች ሞቱ። ከሦስቱ ሁለቱ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበሩ። እኔን የሚያስገርመኝ ሁሉም ማለት ይቻላል የሞቱት ቤት ውስጥ መሆኑ ነው። ፀሐይ ላይ አልነበሩም።

ምልክቱስ? መዛል፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጡንቻ መኮማተር ቀድመው ይመጣሉ። ሰው ቶሎ የሚስተው ግን ግራ መጋባትን ነው። አባት ንግግራቸው ሲምታታ ቤተሰቡ «ጃጁ» ብሎ ያልፋል። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ በሙቀት መካከል ከተምታቱ ግን መጃጀት አይደለም። የውስጥ ሙቀታቸው 40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ገዳይ ነው። እርዳታ ይጠራ። እስኪደርስ ጥላ ውስጥ አስገብቶ፣ ልብስ አውልቆ፣ ገላቸውን በቀዝቃዛ ውሃ እያረጠቡ ማራገብ ነው። ራሳቸውን ካላወቁ በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ትን ይላቸዋል።

ከዚያ በፊት የሚሠራው ቀላል ነው። የማሳ ሥራን ወደ ማለዳ ማምጣት፣ ቀን መስኮት ሸፍኖ ሌሊት መክፈት፣ ጥማት ሳይጠብቁ ትንሽ ትንሽ ውሃ መጠጣት። ቬንትሌተር ይረዳል፤ አየሩ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ግን ትኩስ አየር ስለሚነፋ ይጎዳል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮባቸው ውሃ በልክ የታዘዘላቸው ደግሞ ልኩን ከሐኪም ይወቁ።

ሩቅ ያላችሁ ልጆች በቀን ሁለቴ ደውሉ። «ደህና ነዎት?» ካላችሁ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ፤ ይህ ምንም አይነግራችሁም። ከጠዋት ጀምሮ ስንት ብርጭቆ እንደጠጡ፣ ሽንታቸው ጠቁሮ እንደሆነ፣ ሌሊት እንቅልፍ ወስዷቸው እንደሆነ ጠይቁ። መልሱ ካላማራችሁ ቅርብ ያለ ጎረቤት ሄዶ በዓይኑ ይያቸው።