በመኪና ብትመለሱም በረራ ነው፦ ስለ ስኩባ ዳይቪንግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መሃል አዲስ አበባ፣ አንድ የሆቴል ገንዳ ውስጥ ስኩባ ዳይቪንግ፣ ማለትም የመተንፈሻ ሲሊንደር በጀርባ አዝሎ ውሃ ውስጥ መጥለቅን፣ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ መሠረቱን እዚህ ይይዙና ኮራሉን ለማየት ጅቡቲ፣ ዛንዚባር ወይም ግብፅ ይወርዳሉ። ከጉዞ በፊት የሚነገሩኝ ነገሮች ከቡድን ቡድን አይለወጡም። አብዛኞቹ በአጭሩ ይታረማሉ። አንዱ ግን ሰው ሽባ ሊያደርግ ስለሚችል ሰፋ አድርጌ እጽፍበታለሁ።

«የሚታዘለው ኦክስጅን ነው።»
አይደለም። ተጣርቶ የታመቀ ተራ አየር ነው፤ 21 በመቶው ኦክስጅን፣ 78 በመቶው ናይትሮጅን። ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር በታች ሲተነፍሱት መርዝ ይሆናል። ናይትሮጅኑን አትርሱት፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

«አየሩ ቶሎ እንዳያልቅ ትንፋሽ መያዝ ያዋጣል።»
በ10 ሜትር ጥልቀት ያለው ግፊት ከላይ ካለው እጥፍ ነው። እዚያ ሳንባውን ሞልቶ፣ ትንፋሹን ይዞ የሚወጣ ሰው አየሩ እላይ ሲደርስ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል፤ ሳንባ ይቀደዳል። ለዚህ ባሕር መውረድም አያስፈልግም፣ የገንዳ ጥልቀት ይበቃል። ውሃ ውስጥ መተንፈስ አይቋረጥም፤ አለቀ።

«ሻርክ ቢበላንስ?»
ከኅዳር እስከ ጥር ሰው ሁሉ ሊያየው ጅቡቲ ወዳለው ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚጎርፍለት ዌል ሻርክ የሚበላው በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ጥቃቅን ፍጥረታትን ነው።

«ሞቃት ባሕር ስለሆነ ልብስ አያስፈልግም።»
ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ስስ ዌትሱት (ሙቀት የሚይዝ የጠላቂ ልብስ) ልበሱ።

«በመኪና ስለምመለስ ችግር የለውም።»
ደሜ የሚፈላው ይህን ስሰማ ነው። ከጠለቁ በኋላ ወዲያው አውሮፕላን እንደማይሳፈሩ ብዙ ሰው ሰምቷል። ሰምቶም መላ ያበጃል፦ «ጓደኞቼ መኪና ይዘዋል»፣ «እኔ በባቡር ነኝ»። አውሮፕላን ለምን እንደተከለከለ ግን አልጠየቀም።

ውሃ ውስጥ በግፊት የምንተነፍሰው ናይትሮጅን ደማችንና ሥጋችን ውስጥ ይሟሟል። ሰውነት በሳንባ በኩል ቀስ እያለ ያስወጣዋል፤ ይህ ሰዓታት ይፈጃል። ወጥቶ ሳያልቅ የአካባቢው ግፊት ከቀነሰ፣ የአምቦ ውሃ ክዳን ሲከፈት እንደሚሆነው፣ የሟሟው ጋዝ አረፋ ይሠራል። አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ሲያርፍ ያማል፤ ሕብለ ሰረሰር ጋ ሲደርስ እግር ያሽመደምዳል። አውሮፕላን የሚከለከለውም ስለሚበር አይደለም፤ የመንገደኛው ክፍል ውስጥ ያለው ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ወዳለው ግፊት ዝቅ ስለሚል ነው።

እንግዲህ አዲስ አበባን አስቡ። ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ፒያሳና አራት ኪሎ ደግሞ ከቦሌም ከፍ ይላሉ። ድሪምላይነርና ኤ350 በሰማይ ላይ ሳሉ የውስጥ ግፊታቸው የ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያህል እንዲሆን ተደርገው የተሠሩ ናቸው። በእነሱ ወደ ቦሌ ስትመጡ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሰውነታችሁ ገና ሽቅብ ይወጣል። በመኪናም ያው ነው፦ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋን አልፎ፣ ደንገጎን ወጥቶ ቁልቢ የሚደርስ ሰው በግማሽ ቀን ውስጥ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ወጥቷል። የእኛን የሚያከፋው ደግሞ ይህ ነው፦ ሌላ ቦታ የሚሄደውን መንገደኛ አውሮፕላኑ መልሶ ዝቅ ያደርገዋል፤ እኛ ግን እዚሁ ከፍታው ላይ ውለን እናድራለን።

አንድ የማውቀው ወጣት ጠዋት ጅቡቲ ውስጥ ሙሻ ደሴት አካባቢ ሁለት ጊዜ ጠልቆ ቀትር ላይ ከጓደኞቹ ጋር በመኪና ተነሳ። ማታ ደንገጎን ሲወጡ ትከሻውን ይጠዘጥዘው ጀመር። አዲስ አበባ ሲገባ «ብርድ መቶህ ነው» ተብሎ ታሸ፣ ማስታገሻ ዋጠ። በማግስቱ ጣቶቹ ሲደነዝዙ «አተኛኘትህ ነው» ተባለ። እኔ ጋ የደወለው በሦስተኛው ቀን ነው። ዛሬ ደህና ነው፤ ያለ ሕክምና ያለፉት ቀናት ግን ኦክስጅን ቶሎ ቢሰጠው ብዙ ሊረዳው ይችል የነበረባቸው ቀናት ነበሩ። ከባሕር በተመለሳችሁ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መገጣጠሚያ ካመማችሁ፣ ከደነዘዛችሁ፣ ያለ ምክንያት ከደከማችሁ ብርድ ነው ብላችሁ አትተኙ። ሐኪም ቤት ሂዱና መጀመሪያ የምትናገሩት «ስኩባ ጠልቄ ነበር» የሚለው ይሁን። ካልነገራችሁት ሐኪሙ እዚህ ከተማ ይህን የሚጠረጥርበት ምክንያት የለውም።

በጠላቂዎች ዘንድ የተለመደው መመሪያ ለአንድ ጠለቃ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለተደጋጋሚ ወይም ለብዙ ቀናት ጠለቃ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ነው። እኔ ለተማሪዎቼ በሙሉ 24 ሰዓት ነው የማዝዘው፤ በአውሮፕላንም በባቡርም በመኪናም። የሰዓቱ ቆጠራም ባሕሩ ዳርቻ ላይ፣ ዝቅታው ላይ ይሁን። እንደተመለሱ በማግስቱ እንጦጦ መውጣትም ይቅር፤ መመሪያው የወጣው እስከ 2,400 ሜትር ላለው ከፍታ ሲሆን እንጦጦ 3,000 ይደርሳል።

«እኛ የከፍታ ልጆች ነን፤ ደማችን ይቋቋመዋል።»
ሯጮቻችንን እያነሱ የሚነግሩኝ አሉ። ከፍታ የለመደ ደም ኦክስጅንን የማጓጓዝ ብቃት አለው፤ ለናይትሮጅን አረፋ ግን ምንም አያደርግም። አንድ እውነት ብቻ አለ፦ ከዚህ ወደ ባሕር ስንወርድ መቆየት አያስፈልገንም። ጉንፋን ካለባችሁ ግን ጆሯችሁ አይከፈትም፤ አትጥለቁ።

«ጥልቀት በጨመረ ቁጥር ውበቱ ይጨምራል።»
ቀይ ቀለም ከመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ጀምሮ ይደበዝዛል፤ ወደ ታች ሁሉም ነገር ሰማያዊ ነው። ሪፍ (የባሕር ውስጥ የኮራል ክምር) የሚሠሩት ኮራሎች ብርሃን ስለሚፈልጉ የሚደምቁት ወደ ላይ ነው። ድንጋይ የሚመስላችሁ ነገር ሕይወት ያለው እንስሳ ነው፤ ብዙዎቹ በዓመት ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በላይ ስለማያድጉ በአንድ እግር ርግጫ የሚሰበረው የብዙ ዓመት ዕድገት ነው። ገንዳ ውስጥ ሳትንሳፈፉም ሳትሰምጡም ባላችሁበት መቆየትን ደጋግሜ የማለማምዳችሁ ለዚህ ነው።

ያ የ24 ሰዓት ቆይታ ደግሞ የባከነ ቀን አይደለም። ሲሊንደሩን አስቀምጡና መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ብቻ ይዛችሁ፣ ሳትጠልቁ፣ ከውሃው ላይ ሆናችሁ ሪፉን እዩ። ናይትሮጅን አይጨምርም፤ ቀለሙም በሙሉ ያለው እዚያው ነው። የመመለሻ ትኬታችሁን ይህን ቀን ጨምራችሁ ቁረጡ።