«ሰዎቹ አይዋደዱም» አትበሉኝ፦ በስራ ክፍሎች መካከል ስላለው ግድግዳ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሰሞኑን ደግሞ ተደወለልኝ። የድሮ ባልደረባዬ ነው፣ አሁን የአንድ ፋብሪካ ስራ አስኪያጅ ሆኗል። «ስቶርና ጥገና አይንህን ለአፈር ተባብለዋል፣ ሰዎቹ አይዋደዱም፣ አውቶብስ ተከራይቼ ቢሾፍቱ ልወስዳቸው ነው፣ አንተም መጥተህ ስለ ቲም ወርክ ትንሽ ስልጠና ስጥልኝ» አለኝ። ይሄን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ። እኔ ስቶር ኪፐር ሆኜ ነው የጀመርኩት፣ ከዛ ግዢ ላይ ሰራሁ፣ አሁን ኦፕሬሽን ላይ ነኝ፣ ሶስቱም ወንበር ላይ ተቀምጬ አይቼዋለሁና ዛሬ አንድ በአንድ ልናገር።

«ችግሩ ሰራተኞቹ ስለማይዋደዱ ነው»

አይደለም። መጀመሪያ ስራው ይጋጫል፣ ከዛ ነው ሰዎቹ የሚጋጩት። ስራው እንዳለ ሆኖ ሰዎቹን ብቻ ብታስታርቁ በሳምንቱ ተመልሰው ይጣላሉ።

ስቶር ላይ እያለሁ የሆነውን ልንገራችሁ። የማሸጊያ ማሽኑ ሞተር ኩሽኔታው፣ ማለትም ዘንጉ በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚይዘው የብረት ቀለበት፣ ተበላ። አንጋፋው መካኒካችን፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ መጠየቂያ ሞልተው ላኩ፦ «ኩሽኔታ፣ የማሸጊያ ሞተር፣ 2 ፍሬ»። እኔ ቢን ካርዶቹን፣ የእያንዳንዱ እቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚፃፍባቸውን፣ አንድ ባንድ አገላበጥኩ፣ ኩሽኔታ የሚል ካርድ የለም፣ «በስቶር የለም» ብዬ ፈርሜ መለስኩ። ወረቀቱ ወደ ግዢ ሄደ፣ ፐርቸዘሩ ሶስት ፕሮፎርማ፣ የሻጮች የዋጋ ማቅረቢያ ማለት ነው፣ ለመሰብሰብ መርካቶ ተመላለሰ፣ ፋይናንስ አንደኛው ፕሮፎርማ ማህተም የለውም ብሎ መለሰበት፣ እንደገና ሄደ፣ ቼክ ፈራሚው መስክ ወጥቶ ነበር ተጠበቀ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ማሽኑ 11 ቀን ቆመ። በመሀል ጋሼ «ይሄ ልጅ ሆን ብሎ ነው የሚያጉላላኝ» ማለታቸውን ሰማሁ፣ እኔም «መጠገን ሲያቅታቸው በስቶር ያሳብባሉ» አልኩ፣ ሰላምታም ተውን።

በ11ኛው ቀን እቃው መጣ። ልረከብ ሳጥኑን ሳነሳው ላዩ ላይ «6205» ይላል። ዞር ብዬ ሶስተኛውን መደርደሪያ አየሁ፣ «ቤሪንግ 6205» የሚል ካርድ ተንጠልጥሏል፣ ቀሪ 14 ፍሬ። ያ ሁሉ ቀን እቃው እኔ ከምቀመጥበት አራት እርምጃ ላይ ነበር።

እስኪ ተመልከቱት፣ ጥገና ኩሽኔታ ይለዋል፣ ስቶር ቤሪንግ 6205 ይለዋል፣ ፋይናንስ መዝገብ ላይ ደግሞ ከብሎንና ከቤልት ጋር ተደባልቆ «ልዩ ልዩ መለዋወጫ» ተብሎ ተቀምጧል። አንድ እቃ ሶስት ስም። ማንም ክፉ አልነበረም፣ ማንም አልሰነፈም፣ ግን ማንም የሌላውን ወረቀት አይቶ አያውቅም።

እና ከዛ ሁለት ወር በፊት እኮ ድርጅቱ ቢሾፍቱ ወስዶን ነበር! ሀይቁ ዳር ጥብስ በላን፣ ገመድ ጉተታ ተጫወትን፣ እኔና ጋሼ አንድ ቡድን ደርሶን አሸንፈን ተቃቅፈን ፎቶ ተነሳን። ፍቅር አልጎደለንም ነበር። ግን ካርዱ ላይ «ኩሽኔታ» የሚል ቃል አልነበረም።

ያዳነን ሌላ ነገር ነው። ከሰዓት ከሰዓት ስራ ሲቀዘቅዝ ጋሼ ስቶር እየመጡ መደርደሪያ በመደርደሪያ አብረን አየን፣ እሳቸው የሚጠሩበትን ስምና የትኛው ማሽን ላይ እንደሚገባ ነገሩኝ፣ እኔ ካርዱ ላይ በእስክሪብቶ ጨመርኩ። ያኔ ነው ቁጥሩን ማንበብ ያስተማሩኝ፣ 6205 ሲል የመጨረሻው 05 በ5 ይባዛል፣ የውስጥ ቀዳዳው 25 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ስቶር ኪፐር ሆኜ ይሄን ሳላውቅ ነው ስንት ጊዜ ያወጣሁት ያስገባሁት። ከዛ በኋላ መጠየቂያ ላይ ስሙም ቁጥሩም ይፃፍ ተባባልን፣ በቃ፣ «የለም» የሚለው መልስ በጣም ቀነሰ፣ ሰላምታውም በራሱ ጊዜ ተመለሰ።

ስለዚህ ለአለቆች ምክሬ አንድ ነው፣ አሰልጣኝ ከመጥራታችሁ በፊት አንድ የግዢ መጠየቂያ ያዙና ከተፃፈበት ጠረጴዛ እቃው እስኪገባ ድረስ እግር በእግር ተከተሉት። የት ስንት ቀን እንደተኛ፣ ማን ምን ጎድሎት እንደመለሰው ፃፉ። በአንድ ወረቀት የምታዩትን በአስር ስልጠና አታዩትም።

«ፋይናንስ እንቅፋት ነው»

ይሄ ደግሞ ግዢ ላይ ስሰራ እኔም እል የነበረው ነው። ማሽን ቆሞ፣ ሰው ተጣድፎ፣ ፋይናንስ «ደረሰኙን አልቀበልም» ሲል ደም ያፈላል። ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም ነበር። 40,000 ብር እቃ ከነቫቱ 46,000 ይከፈላል፣ ትክክለኛ የቫት ደረሰኝ ካለ ለቫት የተመዘገበው ድርጅት ያን 6,000 ከሚከፍለው ቫት ላይ ያቀናንሰዋል፣ ደረሰኙ ልክ ካልሆነ ግን 6,000ው ይቀራል፣ ኦዲት ሲመጣ ደግሞ ወጪው ራሱ ውድቅ ሊደረግ ይችላል። ይሄን ያስረዳችኝ አንዲት አካውንታንት ናት፣ ወረቀት ላይ አስልታ፣ አስር ደቂቃ አልፈጀባትም። ከዛ ቀን በኋላ ሱቅ ገብቼ ከዋጋ በፊት ደረሰኝ ነው የምጠይቀው። አስር ደቂቃ ጠፍቶ ነው እንግዲህ ስንት ዓመት የተጨቃጨቅነው።

«ክፍሎች ከተቀራረቡ ቁጥጥር ይላላል»

ኦዲተሮች ይሄን ይወዱታል። የገዛ ሰው አይረከብ፣ የተረከበ አይክፈል፣ ልክ ነው፣ እሱን ማንም አይነካውም። ግን ማየትና መፈረም ይለያያሉ። ጥገና ስቶር ውስጥ ስንት ፍሬ እንዳለ ቢያይ ምን ይሰረቃል? እንዲያውም ብዙ አይን ሲያየው ነው የሚጠበቀው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ቆጠራ ሲደረግ የሚገኘው ጉድለት እኮ አብዛኛውን ጊዜ ወጪ ተደርጎ ሞዴል 22 የሚባለው የእቃ ወጪ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት እቃ ነው፣ ማለትም ሁለቱ ክፍሎች ተነጋግረው ቢሆን በዛው ቀን የሚታረም።

«እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ዕቅድ ካሳካ ድርጅቱ ተሳካለት»

ኧረ በጭራሽ! ግዢ «ከበጀት በታች ገዛሁ» ተብሎ ይመሰገናል። ዱቄትና አቧራ ባለበት ቦታ በሁለቱም በኩል የጎማ መከለያ ያለው ቱ አርኤስ የሚባለው ቤሪንግ ነው የሚያስፈልገው፣ ግዢ ግን ቁጥሩ ያው 6205 ነው ብሎ ረከስ ያለውን በብረት የተከለለውን ዜድዜድ ያመጣል። የግዢ ሪፖርት ያምራል። አቧራው ይገባል፣ ቤሪንጉ ጊዜው ሳይደርስ ይበላል፣ ጥገና «ማሽን ያቆማል» ተብሎ ይወቀሳል፣ ሴልስ ደንበኛ ፊት ይዋረዳል። ሶስቱም ዕቅዳቸው ላይ ሲሰሩ ነው እንግዲህ። ግዢና ጥገና ማሽኑ በቆመበት ሰዓት በጋራ ይመዘኑና ያን ጊዜ ፐርቸዘሩ ራሱ ጥገና ድረስ ሄዶ «የትኛውን ነው የምትፈልጉት» ብሎ ይጠይቃል።

«ካይዘን ሞክረን አልሰራም»

ካይዘን ስራን በትንሽ በትንሹ ሁሌ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ ነው፣ የካይዘን ኢንስቲትዩት እዚህ አገር በ2004 ዓ.ም. ሲቋቋም አስቀድሞ 30 ፋብሪካዎች ላይ ተሞክሮ ነበር። ብዙዎቻችን ጋ የቀረው ግን መሬት ላይ የተቀባው ቢጫ መስመርና መደርደሪያ ላይ የተለጠፈው ፅሁፍ ነው። ዋናው ትምህርት «ከአንተ ቀጥሎ ያለው ክፍል ደንበኛህ ነው» የሚለው ነበር፣ እሱን ማን ለጠፈው?

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። «ስብሰባ ይብዛ»፣ ስብሰባ ላይ የሚመጡት ሀላፊዎች ናቸው፣ ወረቀቱን የያዙት ግን ታች ያሉት ናቸው። «ሶፍትዌር ይገዛ»፣ ሶስት ስም ያለውን እቃ ሲስተም ውስጥ ካስገባችሁት ሶስት እቃ ሆኖ ይቀመጣል። «ቴሌግራም ግሩፕ እንክፈት»፣ ለአስቸኳይ ጥሩ ነው፣ ግን የዛሬ ሶስት ወር ማን ምን እንዳዘዘ ከመልካም በዓል መልእክት ስር ቆፍራችሁ አታወጡትም። «ግድግዳውን አፍርሰን አንድ አዳራሽ እናድርገው»፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው በግልባጭ ደብዳቤ የሚፃፃፉ ሰዎች አይቻለሁ።

«ከላይ ካልመጣ አይሆንም» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ክፍሎች በምን እንደሚመዘኑ መቀየር የሚችለው አለቃ ብቻ ነው። ካርድ ላይ አንድ ስም ለመጨመር ግን የማንም ደብዳቤ አያስፈልግም።

ለደወለልኝ ወዳጄም ያልኩት ይሄንኑ ነው። አውቶብሱን ሰርዝ፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መካኒክህን ይዘህ ስቶር ግባ፣ ከመጀመሪያው መደርደሪያ ጀምሩ፣ ስቶር ኪፐሩ እስክሪብቶ ይያዝ።