«አይጥ ቀንሰናል» ማለት ብቻ በቂ አይደለም

የባህል መድኃኒት ዕፅዋትን በአይጥ የሚፈትሹ የመመረቂያ ጥናቶች በዩኒቨርሲቲዎቻችን ብዙ ናቸው። የሚደጋገሙት ስህተቶችም እነዚሁ ናቸው።

«ገዳዩን መጠን ለማወቅ ብዙ አይጥ መግደል ግድ ነው።» ድሮ ነበር። ያንን ያዝዝ የነበረው የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) መመሪያ 401 እ.ኤ.አ. በ2002 ተሰርዟል። በመመሪያ 425 የገደብ ፈተና (አንድ ከፍተኛ መጠን ብቻ በሚሞከርበት) በኪሎ የሰውነት ክብደት 2000 ሚሊግራም ለአንዲት እንስት አይጥ ይሰጣል፤ ከተረፈች አራት ተራ በተራ ይከተላሉ፤ ከዚያ 14 ቀን ክትትል ነው።

«ካልሞቱ ለሰው አይጎዳም።» አንድ ጊዜ የተሰጠ መጠን ስለ ጽንስም ሆነ ለወራት ስለመውሰድ የሚነግረን ነገር የለም።

«ከሙከራው በፊት ሌሊቱን ማስራብ።» ይህ ለትልቋ አይጥ (በእንግሊዝኛ rat) ነው። ሁለቱንም አይጥ ስለምንላቸው ይምታታል። ትንሿ (mouse) ከምግብ የምትከለከለው 3 እስከ 4 ሰዓት ብቻ ነው፤ ውሃ በፍጹም አትከለከልም። ሌሊቱን ሳትበላ ካደረች ክብደቷና ሙቀቷ ይወርዳል፤ ያያችሁት የመድኃኒቱ ይሁን የረሃቡ አይለይም።

ከሁሉ የሚያስከፋው ግን «አይጥ ባነሰ ቁጥር ሥነ ምግባራዊ ነው» የሚለው ነው። እንግሊዛውያኑ ሳይንቲስቶች ራስልና በርች እ.ኤ.አ. በ1959 መተካት፣ መቀነስ፣ ሥቃይ ማቅለል ሲሉ፣ መቀነስ ማለት አስተማማኝ መልስ የሚሰጥ ትንሹ ቁጥር ነው። በአምስት ቡድን ሦስት ሦስት አይጥ አድርጋችሁ ልዩነቱ ካልታወቀ፣ 15 አይጦች በከንቱ ታመው ሞቱ። ከመጀመራችሁ በፊት የምትጠብቁትን ልዩነትና የልኬቱን መዋዠቅ ይዛችሁ ከስታቲስቲክስ ባለሙያ ጋር ቁጥሩን አስሉ።

ቁጥሩ ቢበቃም አመዳደቡ ሊያበላሸው ይችላል። ዕፅዋቱ ወባን ይገታ እንደሆነ በሚታይበት የአራት ቀን ፈተና እያንዳንዷ አይጥ 10 ሚሊዮን ያህል የፕላዝሞዲየም በርጌ (የአይጥ ወባ) ጥገኛ ያለበት 0.2 ሚሊ ሊትር ደም በሆዷ ትወጋለች። ከዚያ አይጦቹን በቡድን ለመመደብ እጅ ወደ ኬጁ ይገባል። መጀመሪያ የሚያዘው ሮጦ ያላመለጠው፣ ደከም ያለው ነው። ቀድሞ የሚሞላው የመቆጣጠሪያው (የሚፈተሸው መድኃኒት የማይሰጠው) ቡድን ከሆነ ደካሞቹ እዚያ ይከማቻሉ፤ ቅጠሉ ያዳነ ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መዝኑ፣ ጅራታቸውን በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ዕጣ አውጡ። በአምስተኛው ቀን ከጅራት ደም የተቀባውን ስላይድ ሌላ ሰው በኮድ ይሰይመው፤ ጥገኛውን የሚቆጥረው ሰው የትኛው የማን እንደሆነ ቆጥሮ ሳይጨርስ አይወቅ።

«የመትረፊያ ቀን ለመቁጠር እስክትሞት መጠበቅ አለብን» የሚሉም አሉ። የለባችሁም። ክብደቷ ከመነሻው 20 በመቶ ከወረደ፣ ሰውነቷ ከቀዘቀዘ ወይም በጀርባዋ ስትጋደም መነሳት ካቃታት ያ ቀን ይመዝገብ፤ ያኔውኑ ያለ ሥቃይ ትገደል። ይህ ገደብ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው በሚቀርበው ሰነድ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ያለውን ጊዜ አይጧ በሥቃይ ታሳልፈዋለች፤ ለጥናታችሁ የሚጨምርላችሁ ነገር የለም።