አሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃና የጎጃም ሚዛን

ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ሁለት ቱቦዎች ጎን ለጎን ተበይደው ከመሐል እየታጠፈ የሚጎርስ የአደን መሣሪያ ነው። በአንድ ተኩስ 30 ግራም ገደማ ደቃቅ እርሳስ ስለሚተፋ ለቆቅና ለጅግራ እንጂ ለጦር ሜዳ አልታሰበም። ከእነዚህ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ምርጦች የተሠሩት እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባሉት ዓመታት ነው።

ጎጃም ውስጥ ጠመንጃ ሲነሣ ቀድሞ ወደ ልብ የሚመጣው ግን ውጅግራ፣ ምንሽር ወይም ቤልጅግ ነው። ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው፣ 11 ሚሊሜትር ጥይት አንድ በአንድ የሚጎርሰው የፈረንሳይ ጦር መሣሪያ ሲሆን፣ ባሩዱ በጭሱ ተኳሹን ያጋልጣል። ቤልጅግ ደግሞ ከጣሊያን ወረራ በፊት መንግሥት ከቤልጅግ ያስገዛው፣ 7.92 ሚሊሜትር ጥይት የሚተኩሰው ማውዘር ነው። በአምስቱ የአርበኝነት ዓመታት፣ ኋላም በ1960 ዓ.ም. በቢቸና፣ በሞጣና በዳሞት ገበሬው በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ፣ የእነዚህ መሣሪያዎች ብርታትና ድካም በተግባር ታይቷል። ስለዚህ ጠመንጃ በዓይነቱ ወይም በተሠራበት አገር ይጠራል፤ በዚያውም ይከበራል።

ይህ ሚዛን ለጦር መሣሪያ ትክክል ነው። ፋብሪካው በመቶ ሺህ የሚቆጠረውን በአንድ ልክ ስለሚያወጣ አንዱን ያወቀ ሌላውን ያውቃል። ለባለ ሁለት አፈሙዝ ግን አይሠራም፤ እያንዳንዱ በእጅ እየተሞረደ የተገጣጠመ ነውና ከአንድ ከተማ ድንቁም ተራውም ይወጣል።

ለዚህ ከቤልጅጓ ከተማ ከሊዬዥ የተሻለ ምስክር የለም። የቤልጅግ ማውዘር የተሠራበት የኸርስታል ፋብሪካ ያለው በዚችው ከተማ ጥግ ነው። ሊዬዥ ግን ለዘመናት የጠመንጃ አንጥረኞች ከተማ ሆና እንደ ፍራንኮት ያሉ ቤቶች ለነገሥታት የሚመጥን ሥራ ሲሠሩባት፣ ሌሎች ደግሞ እጅግ ርካሽ የሆነውን ለየአገሩ ነጋዴ ይልኩ ነበር። በአክሊል ሥር በሞላላ ክብ የተቀረጹት ሦስት የላቲን ፊደላት ቱቦው በከተማዋ መፈተሻ ቤት መፈተኑን ይናገራሉ፤ የሥራውን ደረጃ አይናገሩም። «ቤልጅግ ነው» ብሎ ዋጋ የሚቆልል ሻጭ የማውዘሩን ዝና ለማያውቀው መሣሪያ እያበደረ ነው።

የእንግሊዞቹም ጉዳይ ተመሳሳይ ነው። በበርሚንግሃም የዌስትሊ ሪቻርድስ ሠራተኞች የነበሩት አንሰንና ዲሊ እ.ኤ.አ. በ1875 ያወጡት መቺ መሣሪያ (ጥይቱን መትቶ የሚያስተኩሰው ክፍል) ከአካሉ ውስጥ ተቀብሮ፣ በጥቂት ክፍሎች የሚሠራ፣ የማያስቸግር ነው። የለንደኖቹ እነ ፐርዲና ሆላንድ መቺውን በጎን ሳህኖች ላይ ያስቀምጣሉ፤ ሥራው ረቂቅ፣ ለቅርጽ ሰፊ ቦታ ያለው፣ ዋጋውም የትየለሌ ነው። ጥሩ የተሠራ የበርሚንግሃም ጠመንጃ ግን ከደካማ የጎን ሳህን ይበልጣል፤ ጠጋኝ ራቅ ብሎ በሚገኝበት ገጠር ደግሞ እኔ ያለማመንታት የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ዋናው ነገር ቱቦው ነው፤ ሌላው ሁሉ ይጠገናል። የድሮዎቹ ብዙዎች የደማስቆ ቱቦ አላቸው፦ የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች ተጠማዘው፣ በዘንግ ላይ ተጠቅልለውና በእሳት ተበይደው የተሠሩ፣ ውኃ መሰል ሐረግ የሚታይባቸው። ውበታቸው ልብ ይሰርቃል፤ ሐረጉ በተራ ብረት ላይ የተቀባባቸው አስመሳዮችም አሉ። አብዛኞቹ የተሠሩት ለጥቁር ባሩድ በመሆኑ፣ ለጭስ አልባው ባሩድ የተፈተኑበት ማኅተም ከሌለ ዘመናዊ ጥይት ሊጎርሱ አይገባም።

የመጉረሻው፣ ማለትም ጥይቱ የሚገባበት የቱቦው ክፍል፣ ርዝመትም ከዚህ አያንስም። ብዙዎቹ የድሮ አውሮፓ ጠመንጃዎች ለ65 ሚሊሜትር ቀለህ የተቦረቦሩ ናቸው፤ የዛሬው ጥይት ግን በአብዛኛው 70 ነው። ሳይተኮስ አፉ የታጠፈ ስለሆነ ያለ ችግር ይገባል፤ ሲተኮስ ግን የሚዘረጋው አፍ የእርሳሱን መውጫ አጥብቦ ግፊቱን ከልክ ያሳልፈዋል። «ገባ እኮ» ማለት ማረጋገጫ አይደለም።

የጮቄ ተራራ አካባቢን እርጥብ ክረምት በቤት ውስጥ ያሳለፈ፣ ከተኩስ በኋላም በወጉ ያልተወለወለ ቱቦ ውስጡ ይበላል። ጠጋኝ ይህን ፍቆ እንደ መስተዋት ሊያበራው ይችላል፤ ገዢውን የሚያታልለውም ይኸው ብርሃን ነው፣ የተፋቀው ብረት ተመልሶ አይመጣምና። በእንግሊዝ ጠመንጃ ሠሪዎች ዘንድ በጣም ቀጭኑ ስፍራ ከግማሽ ሚሊሜትር ካነሰ ቱቦው ያሰጋል፤ ይህ በመለኪያ እንጂ በዓይን አይታወቅም።

መለኪያ የሌለው ሰው ቢያንስ ቱቦዎቹን ነቅሎ በጣቱ አንጠልጥሎ በእንጨት መታ ያድርጋቸው፤ ብየዳው ካልላላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ከላላ ይንቋቋሉ። ከዚያ የፊቱን እንጨት አውጥቶ ጠመንጃውን ዘግቶ ያወዛውዘው፤ ማጠፊያው ካረጀ ይንቀጠቀጣል። በጠፍር ወይም በሽቦ የታሰረ ሰደፍ ለብዙዎች የውርደት ምልክት ቢመስልም፣ ቱቦው ደህና ከሆነ ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ መተዊያ ምክንያት አይሆንም።

በመጨረሻ ቁጥሩ ይታያል። በቱቦዎቹ ሥር፣ በአካሉና በፊቱ እንጨት ብረት ላይ ያለው ቁጥር አንድ ዓይነት ካልሆነ ጠመንጃው ከሁለት ሬሳ የተገጣጠመ ነው። ያው ቁጥር በፈቃዱ ወረቀት ላይም መኖር አለበት፤ የጦር መሣሪያ መያዝና ማስተላለፍ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል።